ፔፐራችሁን ሰብሚት ከማድረጋችሁ በፊት

ውድ ወጣት ተመራማሪዎች፣

የቴሲሳችሁ (የመመረቂያ ጥናታችሁ) ዲፌንስ አለቀ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን አድቫይዘራችሁ «በሉ ፐብሊሽ አድርጉት» ብለዋችኋል። እኔ ለብዙ ዓመታት በጆርናል አዘጋጅነት ሠርቻለሁ። እናንተ የላካችሁት ፋይል በወዲያኛው በኩል ሲከፈት ምን እንደሚያጋጥመው ልንገራችሁ።

አዘጋጁ መጀመሪያ የሚያየው ርዕሱን፣ አብስትራክቱን፣ ሰንጠረዦቹንና የዋቢዎቹን ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ዝርክርክነት ካየ «ይሄ ሰው ዳታውንም እንዲሁ ይሆናል የያዘው» ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ልክ ላይሆን ይችላል። ግን አዘጋጁም ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይህን የሚሠራው ከማስተማሩ በተረፈችው ሰዓት ነው። ሳይንሱ ደህና ሆኖ ሳለ ሪቪወር፣ ማለትም ጽሑፉን የሚገመግመው ባለሙያ ጋ ሳይደርስ የተመለሰ ፔፐር ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጆርናሉን ምረጡ፤ ከዚያ ጻፉ። ብዙዎቻችሁ ተቃራኒውን ነው የምታደርጉት። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዓመቱ የጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል አንባቢያቸውም ደንባቸውም ለየቅል ነው። የመረጣችሁትን ጆርናል የጸሐፊዎች መመሪያ አትሙና እያሰመራችሁ አንብቡት። ከጎኑ በቅርቡ የወጡ ሁለት ጽሑፎችን ክፈቱ። መመሪያው አንዳንዴ ሳይታደስ ይቆያል፤ የታተመው ጽሑፍ ግን አዘጋጆቹ ዛሬ ምን እንደሚቀበሉ ያሳያል።

ቴሲሱን እያሳጠሩ ፔፐር ማድረግ አድካሚ ነው። ቴሲስ ብዙ ማንበባችሁን ለፈታኞች ያሳያል፤ ፔፐር አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ባዶ ገጽ ከፍታችሁ፣ ከሰንጠረዦቹ ጀምራችሁ እንደ አዲስ ብትጽፉት ይቀላል። የምስጋናውን ገጽ እዚያው ቴሲሱ ላይ ተዉት። እናታችሁ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ጆርናሉ የሚፈልገው ግን ገንዘቡን ማን እንደሰጠና በሥራው ማን እንደረዳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመስመር ርቀት፣ የፊደል መጠን፣ የገጽ ቁጥር በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። እናንተ ካልወሰናችሁት ሌላ ማንም በትክክል የማይወስንላችሁ ግን የእኛው አገር ጉዳይ አለ። ከሁሉም በፊት ስማችሁ።

የኦንላይን ቅጹ ሁለት ሣጥን ያቀርብላችኋል፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ሁለተኛው ሣጥን ላይ የአባቱን ስም ይሞላና በዓለም ፊት «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይቀራል። አባትየው ላቦራቶሪ ደጃፍ ሳይደርሱ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠቀሱ ይኖራሉ! ይህ እንኳን ይሁን፤ ተለምዷል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ሰው በሚቀጥለው ፔፐር የአያቱን ስም ሲጨምር ነው። ያኔ የመረጃ ቋቶቹ በአያቱ ስም ሌላ አዲስ ሰው ይመዘግባሉ። ጽሑፎቹም ጥቅሶቹም ለሁለት ይከፈላሉ። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ። ፀሐይ የምትባል ተመራማሪ አንዴ በ«ቲኤስ»፣ አንዴ በ«ቲዜድ» ከጻፈች እንዲሁ ሌላ ሰው ተወለደ ማለት ነው።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ፔፐር በፊት መወሰን ነው። ሁለት ስም ወይስ ሦስት? በየትኛው ፊደል? ከፓስፖርታችሁ ጋር ቢመሳሰል ይመረጣል። ከዚያ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። ነፃ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

የሌሎችን ስም ስትጠቅሱም እንዲሁ ተጠንቀቁ። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ሳይገለበጥ፣ ከራሱ ስም ጀምሮ በሙሉ ይጻፋል። የሕክምና ጆርናሎች ግን እንደማንኛውም ሰው ይገለብጡታል። ጆርናሉ ያለውን ተከተሉ። ዋቢዎችን የሚያደራጀውን ዞቴሮ የተባለ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የደራሲውን ስም በሁለት ሣጥን ፋንታ በአንድ ሣጥን የመጻፍ ምርጫ አለው፤ እሱን ስትነኩ መገልበጡን ያቆማል። ይህችን የማያውቅ ሰው ስንት ሌሊት ዋቢ በእጁ ሲያስተካክል ያድራል።

ቀጥሎ ቀን ነው። «ጥናቱ ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ጁን 2016 ተካሄደ» የሚል ጽሑፍ ደርሶኝ ያውቃል። ጸሐፊው ወሩን ቀይሮ ዓመቱን ረስቶታል። መስከረም 2016 ማለት ሴፕቴምበር 2023፣ ሰኔ 2016 ደግሞ ጁን 2024 ነው። ለውጭ ሪቪወር ግን ጥናቱ ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። ሦስተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራም አንዱ የ1999፣ ሌላው የ2007 ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንድ ፔፐር ውስጥ ያለ ማብራሪያ ሲገኙ ግን ሁለት ቆጠራ ይመስላሉ። ሰዓትም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀዳውን ደም በእንግሊዝኛው ላይ 3 ኤኤም ካላችሁት ነርሷን በሌሊት አስነሥታችኋታል።

የአማርኛ ወይም የግዕዝ ጥቅስ የምታስገቡ ደግሞ ፊደሉን እዩ። ኢትዮፒክ፣ ማለትም የእኛ ፊደል፣ ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለኪያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። በእነሱ የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ከድሮ ፋይል ኮፒ ያደረጋችሁት ካለ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች እንደገና ተይቡት።

ሰንጠረዥ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኤስፒኤስኤስ ከተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የወጣውን እንዳለ አትለጥፉ። ሶፍትዌሩ የፒ ዋጋውን (ውጤቱ በአጋጣሚ ሊገኝ ይችል እንደሆነ ለመመዘን የሚያገለግለውን ቁጥር) .000 ብሎ ሲያወጣ ዜሮ ነው ማለቱ አይደለም፤ ከ0.001 ያነሰ ብላችሁ ጻፉት። ከ33 ሰው 15ቱን ደግሞ 45.4545 በመቶ ማለት ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ 45 በመቶ በቂ ነው።

የጸሐፊዎች ዝርዝር ላይ ይሉኝታ ይመጣል። የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ስለሰጡ፣ ጓደኛ ላፕቶፕ ስላዋሰ ስም አይገባም። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው። በጥናቱ ንድፍ ወይም በዳታው ላይ ጉልህ ሥራ መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራቱም ባንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ዝርዝሩን ዳታ ሳትሰበስቡ ተነጋገሩበት። በኋላ ሲሆን ያጣላል።

«ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ ለማስተርስ ተማሪ የሚጽፍና በሳምንት እናትማለን የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሰርዙት። የምትልኩበት ጆርናል ዶአጅ ወይም አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባሉት የጆርናል መዝገብ ድረ ገጾች ላይ መኖሩን ፈትሹ፤ አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑም እዩ። ደህና ጆርናል ሆኖ የማሳተሚያ ክፍያው ከከበዳችሁ ደግሞ ቅናሽ ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው ግን ሰብሚት ስታደርጉ መቅረብ አለበት። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም።

የሪቪወር አስተያየት ሲመጣ ቀኑን አትመልሱ፤ ንዴቱ ይለፍ። ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ቁጥር ሰጥታችሁ ቅዱ፣ ከሥሩ መልሳችሁን ጻፉ፣ ያስተካከላችሁበትን ገጽና መስመር ጥቀሱ። የማትስማሙበት ካለ ምክንያታችሁን አስረዱ፤ ሪቪወርም ይሳሳታል። «ተስተካክሏል» ብላችሁ ሳታስተካክሉ መላክ ግን አይሠራም። ያ ሪቪወር ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ መስመር ላይ ነው።