ሐዘኑ ሄዶ ጥርጣሬው ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወንድሞቻችን ሊቢያ ውስጥ አይኤስ በሚባለው አሸባሪ ቡድን የተገደሉ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ጎረቤቴ ሙስሊም ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ያን ጊዜ ቤቴ መጥተው አብረውኝ አለቀሱ። አሁን ግን ዓመታት አልፈው የሟቾቹን ነገር ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ያልወጣልኝ ፍርሃቱ ነው። የሆነ ቦታ ክርስቲያን ተገደለ በተባለ ቁጥር እትዬ ቤት ቡና ስጠጣ ሆዴ ይሻክራል። ልጄ ደግሞ የግድያ ቪዲዮ ከስልኩ አይጠፋም፤ «እናንተ የዋህ ናችሁ» ይለኛል። ሰሞኑን የእትዬ እኅት ሞተው ልቅሶ ሳልደርስ ይኸው ሳምንት አለፈኝ። መርሳቴ ኃጢአት ነው? ገዳዮቹንስ ይቅር ማለት አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በከተማችን ይህ ነገር በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ፤ አውጥቶ የሚናገረው ነው የጠፋው።

እስቲ ያን ሰሞን እናስታውስ። ዜናው የተሰማው ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ከፊሎቹን ባሕር ዳርቻ ላይ አረዷቸው፤ ከፊሎቹን በረሃ ላይ በጥይት ገደሏቸው። ሥራና እንጀራ ፍለጋ ከአገር የወጡ ልጆች ነበሩ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ድርጊቱን አወገዘ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ከወሎ ስንት ልጅ ነው በሱዳን በኩል የሚወጣው! የሙስሊሟም እናት ልጅ የሄደው በዚያው መንገድ ነው። እትዬ ቤትሽ መጥተው ያለቀሱት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ታዲያ በኋላ ምን ሆነ? ሐዘኑ ለሰው ነበር፤ ለልጆቹ። ዓመት ሲያልፍ መልካቸው ከዓይናችን ጠፋ። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ገዳዮቹ ሩቅ ናቸው፣ አናውቃቸውም። ስለዚህ ፍርሃቱ ቅርብ ያገኘው ሰው ላይ አረፈ። አንቺ ጋ እትዬ ላይ አረፈ። ይህ በአገር ደረጃም ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ጋዜጠኛና ተቃዋሚ ታሰረበት ተብሎ ስንት ሰው ጮኸ፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ፈርቶ የተነሣ ሰው፣ ቤተሰብም ይሁን መንግሥት፣ ጥፋተኛውን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል።

የሐዋርያት ሥራን ከምዕራፍ 7 እስከ 9 አንብቢልኝ። እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ሳውል በግድያው ተስማምቶ ነበር፤ የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀውም እርሱ ነው። ከዚያ ቤት ለቤት እየገባ ወንዱንም ሴቱንም እየጎተተ ያሳስር ጀመር። ያ ሽብር ካልሆነ ምን ሽብር አለ? ምእመናኑ ምን አደረጉ? እስጢፋኖስን ቀበሩት፣ እጅግ አለቀሱለት።  በዚያው ቀን ስደት ተነሣ፤ በየአገሩ ተበተኑ። ከቆይታ በኋላ ያ ሳውል አምኖ ሲመጣ ሁሉም ፈሩት። መጽሐፉ ይህን አልደበቀም። በደማስቆ የነበረው ደቀ መዝሙር ሐናንያም ጌታን «ስለዚህ ሰው ከብዙዎች ሰምቻለሁ» ብሎ ተከራከረ። ጌታ በመፍራቱ አልቆጣውም፤ ሂድ አለው። ሐናንያ ሄደ፣ እጁን ጫነበትና «ወንድሜ ሳውል ሆይ» አለው። ሐናንያ እጁን የጫነው ገና ትናንት ሲያሳድዳቸው በነበረ ሰው ላይ ነው። እትዬ ግን ማንንም አላሳደዱም።

ስለዚህ የፈራሽው ፍርሃት በራሱ አያስኰንንሽም። ንስሐ የሚያስፈልገው ባልሠሩት ነገር እርሳቸውን በልብሽ መክሰስሽ ነው። ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ወደ መርሳቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የምናገረው ያለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሐዘንን ለስሜት ብቻ አልተወችውም። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ። ሰው እንደሚረሳ ስለምታውቅ ቀን ቆርጣ ታስታውሳለች። እስጢፋኖስን ይኸው እስከ ዛሬ ጥር 1 ቀን እናከብረዋለን። የወጋሪዎቹን ስም ግን ማን ያውቃል? የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን በግፍ ጨረሰ። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ግን እርሱ ከነገሠበት ከ284 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለው ዘመን ዓመተ ሰማዕታት ተብሎ ይቆጠራል። ግብፆቹም በ2007 ዓ.ም. የካቲት ላይ በዚያው በሊቢያ የታረዱትን 21 ሰዎች በስንክሳራቸው ጽፈው በየዓመቱ የካቲት 8 ያስቧቸዋል። አንዱ የጋና ሰው ነው፤ ከእነርሱ ጋር ቆጠሩት።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ሚያዝያ 11 ሲደርስ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ጧፍ አብሪ፣ ልጆቹን በጸሎት አስቢ። ከቻልሽ ለነዳያን ቁራሽ እንጀራም ቢሆን ስጪ። ሟቾቹን ስታስቢ ልጆቹ ተመልሰው በልብሽ ይገባሉ፤ ጥርጣሬው ቦታ ያጣል። እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ እስጢፋኖስ «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ብሎ ነው የሞተው። ከባድ ነው። ዛሬውኑ እንደ እርሱ በይ አልልሽም። ለገዳዮቹ ልብ እንዲሰጣቸው ለምኚ፣ በቀሉን ለእግዚአብሔር ተዪለት፤ በዚህ ጀምሪ። ይቅር ማለት ፍርድ ቤት ይዘጋ ማለት አይደለም። ወንጀለኛ ተይዞ በሕግ ይቀጣ፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ሮሜ 13ን እዪ።

ልጅሽን በቁጣ አትያዢው። ስልኩንም አትቀሚው። ቁጭ አድርገሽ ይህን ንገሪው፦ ገዳዮቹ ካሜራ ይዘው የወጡት እንዲታይላቸው ነው። እርሱ ባየውና ለጓደኛው ሼር ባደረገው ቁጥር ሥራቸውን እየሠራላቸው ነው። የሟቹ እናት ያ ምስል በየሰው ስልክ ሲዞር ብታይ ምን ትላለች? ይህን ጠይቂውና ዝም በዪ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ብትመጪ ደግሞ እኔም አናግረዋለሁ። «የዋህ ናችሁ» ያለውን በቁም ነገር ነው የምሰማው፤ ፈርቶ ነው።

የእትዬ እኅት ልቅሶ ግን ለነገ አይባልም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በጉን በሙስሊም አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ወጡን ለብቻ የሚያሠራ ሕዝብ ነው። ሃይማኖቱን ሳይቀላቅል ጎረቤቱን አክብሮ ኖሯል። አንቺም ማዕተብሽን አጥብቀሽ ሂጂ። ሳምንት አለፈ ብለሽ አትፈሪ። ቡናና ስኳር ያዢ። «እትዬ፣ ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸውና አጠገባቸው ተቀመጪ።