ዱቄት የሸጠው ጣቢያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኤፍ ኤም ጣቢያ ማስታወቂያ ክፍል ነው የምሠራው። ጣቢያችን የሙዚቃ ነው። ባልደረቦቼ «በዚህች ከተማ ሙዚቃ ብቻ ይዞ የሚኖር ጣቢያ የለም፣ ባትደክሚ ይሻልሻል» ይሉኛል። እውነት ነው? ትንሽ ከተማ ላይ ሆኖ ብዙ ዓመት የኖረ ጣቢያ ያውቃሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ አውቃለሁ። ደግሞም በጣም የምወደው ጣቢያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ አርካንሳስ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሄለና የምትባል ከተማ አለች። የጥጥ አገር ናት። ጣቢያው ኬ ኤፍ ኤፍ ኤ ይባላል። ሦስቱ የመጨረሻ ፊደላት ከሦስቱ መሥራቾች ከፍሎይድ፣ ከፍራንክሊንና ከአንደርሰን ስም የተወሰዱ ናቸው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 ነው።

ገና እንደተከፈተ ሁለት ጥቁር ሙዚቀኞች መጡ። ሃርሞኒካ የሚነፋው ሶኒ ቦይ ዊሊያምሰንና ጊታሪስቱ ሮበርት ሎክዉድ። (ሶኒ ቦይ የሚለው ስም የራሱ አልነበረም። ቺካጎ ውስጥ ታዋቂ ከነበረ ሌላ ሃርሞኒካ ተጫዋች የወሰደው ነው።) «በሬዲዮ መጫወት እንፈልጋለን» አሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሳም አንደርሰን «ስፖንሰር ያስፈልጋችኋል» ብሎ ማክስ ሙር ወደሚባል የጅምላ ነጋዴ ላካቸው። ሙር ኪንግ ቢስኪት የሚባል ዱቄት ያከፋፍል ነበር። ቢስኪት ሲሉ እኛ ከሻይ ጋር የምንበላው ደረቁ ብስኩት እንዳይመስልሽ። እዚያ በየቤቱ የሚጋገር ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው።

ስምምነቱ ቀላል ነበር። ሙዚቀኞቹ ዱቄቱን ያስተዋውቃሉ፤ ማታ የት እንደሚጫወቱም በዚያው ይናገራሉ።

አሁን ሰዓቱን ልብ በይልኝ። ቀን 6 ሰዓት ከ15፣ ለ15 ደቂቃ። ጥጥ ለቃሚው ለምሳ ከማሳ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ገበሬ ብሎ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ጣቢያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዱቄት የሚገዛው ግን እሱ ነው! ሙር የገባው ይሄ ነው። ሽያጩ ስላደገለት በሶኒ ቦይ ስም የበቆሎ ዱቄት ጭምር አወጣ። ከረጢቱ ላይ ሶኒ ቦይ ትልቅ የበቆሎ እሸት ላይ ተቀምጦ ይታያል። መንገድ ላይ በቀለሙ የሚናቅ ሰው ምስሉ በየማድ ቤቱ ገባ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ያባባዋል።

ከአድማጮቹ አንዱ በኋላ ታዋቂ የብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስት የሆነው ቢ ቢ ኪንግ ነበር። ገና ማሳ ላይ የሚሠራ ልጅ ሳለ በምሳ ሰዓት ያንን ፕሮግራም ያዳምጥ ነበር። በኋላ እሱም ሜምፊስ ሬዲዮ ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ የዘፈነው ፔፕቲኮን ለሚባል ቶኒክ (ብርታት ይሰጣል እየተባለ የሚሸጥ የሚጠጣ መድኃኒት) ማስታወቂያ ነው።

እህቴን ልጠይቅ ሜምፊስ በሄድኩበት ጊዜ ሄለና ደርሼ ነበር። ቼሪ ስትሪት ላይ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ጎብኚ እንዲያይ በመስታወት የተከለለ ስቱዲዮ አለ። ጠረጴዛ፣ ማይክ፣ የወረቀት ክምር፤ በቃ። መስታወቱን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። ሰኒ ፔይን የሚባለው አቅራቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሮግራሙን ተረክቦ፣ በ2018 በ92 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከዚያ ፕሮግራም አልተለየም። «ቢስኪቱን አቀብሉን፣ የኪንግ ቢስኪት ሰዓት ነው!» እያለ ነበር የሚጀምረው። በ1992 በአሜሪካ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራ የሚሰጠውን ትልቁን የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በ2014 ፕሮግራሙ 17 ሺህኛ ስርጭቱ ላይ ደረሰ።

ስለዚህ ባልደረቦችሽ ተሳስተዋል እላለሁ። ግን ሙዚቃው ብቻውን አላኖረውም። እኔም ወጣት ሆኜ የአየር ሰዓት እሸጥ ነበር፤ የመጀመሪያ ደንበኛዬ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ። ሦስቴ እምቢ ብለውኛል። በአራተኛው ወሬዬን ትቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። እህል ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ወረፋ ሲጠብቁ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር፤ በስንት ሰዓት እንደሚበዙ ቆጠርኩ። ከዚያ ያንን ሰዓት ሸጥኩላቸው።

አንቺም የዋጋ ዝርዝሩን ቢሮ ተዪውና ገበያ ቀን አንድ ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጪ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣና ምን እንደሚገዛ ጻፊ። ከዚያ ዘፈኑን ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ሰዓት ምረጪ። ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።