መረቡ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ሳታውቅ ሞዴል አትሥራ

«ለማስተርስ ጥናቴ በጎታች መረብ (መርከብ በባህር ወለል ላይ በሚጎትተው) የተሰበሰበ ዳታ አለኝ። ጠፍጣፋ ዓሦች የሚገኙበትን ቦታ የሚወስነው የባህሩ ወለል ዓይነት መሆኑን ላሳይ ነበር። ዓሣው የት እንደሚገኝ የሚያሰላው ሞዴል ግን ወሳኙ ጥልቀት ብቻ ነው ይለኛል። ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ በዚሁ መከራ ስላለፍኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስታቲስቲክሱን ለጊዜው ተወው።

1. የእያንዳንዱን ጉተታ መነሻና መድረሻ ያዝ። ዳታህ ላይ ለአንድ ጉተታ አንድ ነጥብ ብቻ ካለ ችግርህ እሱ ነው። ከእንግሊዝ በስተምሥራቅ ባለው በሰሜን ባህር የዓሣ ዳሰሳ ለብዙ ዓመታት የተለመደው በ4 ኖት (በሰዓት 4 የባህር ማይል) ፍጥነት ለ30 ደቂቃ መጎተት ነው። ይህ 2 የባህር ማይል፣ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መረቡ አሸዋ ላይ ጀምሮ፣ ጠጠር አቋርጦ፣ ጭቃ ላይ ሊያልቅ ይችላል። አንተ መሃሉ ላይ ነጥብ ታደርጋለህ፤ ካርታው «ጭቃ» ይልሃል፤ ዓሣው የተያዘው ግን አሸዋው ላይ ነው። ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚቀየር በአንድ ነጥብም ብዙ አይሳሳትም። ወለሉ ግን በጥቂት ሜትር ውስጥ ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው ጥልቀት የሚያሸንፍህ፤ በደንብ የተለካው እሱ ነዋ!

ይህን ለማስተካከል ያየሁት ፍዳ! ዳታውን የሰጠን ቢሮ መነሻና መድረሻውን አስቀርቶ፣ ሁሉንም በግማሽ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ሳጥን ጠቅልሎ አስረከበን። እንዲህ ያለ ሳጥን ሰሜን ባህር ላይ ወደ 30 በ30 የባህር ማይል ይሆናል። ውስጡ ስንት ዓይነት ወለል እንዳለ አስበው። ዝርዝሩን ስጠይቅ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ ይበቃችኋል» አለኝ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ማህተሙ የሌላ ክፍል ነው ተባልኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ ዳታ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

2. መርከበኞቹን ጠይቅ። እኔን ያወጣኝ ይሄ ነው። ካፒቴኑ የራሱ መዝገብ ነበረው። የየጉተታው መነሻ፣ መድረሻ፣ መረቡ የተቀደደበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ተጽፏል። መረቡን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚከፍቱትን የብረት በሮችም አሳየኝ። ከውሃ ሲወጡ የታችኛው ጠርዛቸው እንደ አዲስ ሳንቲም ካብለጨለጨ ጠንካራ ወለል ፍቋቸዋል ማለት ነው። ግራጫ ጭቃ ተለጥፎባቸው ከወጡ ደግሞ ያለፉበት ለስላሳ ነው። መዝገቡን ቁጭ ብዬ በእጄ ገለበጥኩት። ሞዴሉን እንደገና ሳስኬደው የወለሉ ዓይነት ቁልጭ ብሎ ወጣ! አማካሪዬ አላምን ብሎ አስደገመኝ፤ ያው ወጣ። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

3. «አሸዋ» እና «ጭቃ» ብለህ ብቻ አትክፈል። ከ0.063 ሚሊሜትር በታች የሆነው ደቃቅ ቅንጣት ስንት በመቶ እንደሆነ ያዝ። ሳንድኢል የምትባለውን ቀጭን ዓሣ ተመልከት። ቋሚ ጉድጓድ የላትም፤ አሸዋው ውስጥ ገብታ ትቀበራለች። የምትተነፍሰው በቅንጣቶቹ መሃል ያለውን ውሃ ነው። ደቃቁ ሲበዛ ያ ክፍተት ይደፈናል። ለዚህም ነው ደቃቁ ከ10 በመቶ ካለፈ ብዙም የማትገኘው። ጠቅለል ያለ ካርታ ግን ደቃቁ የበዛበትንም ያነሰበትንም ቦታ አንድ ቀለም ሊቀባው ይችላል።

ግልገሎቹንም ከትልልቆቹ ለይ። ፕሌስ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ግልገል ሆኖ ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ዳርቻ ይኖራል፤ ሲያድግ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ሃይንከ የተባለው ጀርመናዊ ይህን ያስተዋለው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሁሉንም ቀላቅለህ ከቆጠርክ ዕድሜውን ጥልቀት ብለህ ታነበዋለህ። ጠፍጣፋ ባይሆንም ኮድ የሚባለውን ዓሣም ነገር ልንገርህ። ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዲያ ባለው ጆርጅስ ባንክ በሚባለው የባህር ክፍል ግልገል ኮዶች ጠጠራማውን ወለል ይመርጣሉ፤ ቀለማቸው ከጠጠሩ ጋር ስለሚመሳሰል ከአዳኝ ይሸሸጉበታል።

4. ባዶ መረብ ዓሣ የለም ማለት አይደለም። ቋጥኝ ላይ መረብ ስለሚቀደድ ብዙ ጊዜ አይጎተትም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ዓሣ ዳታህ ውስጥ የለም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሶል የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ማታ ነው፤ ቀን ተቀብሮ ይውላል። ሳንድኢል ደግሞ ማታ ነው የምትቀበረው። የቀንና የማታ ጉተታ ከቀላቀልክ የምታየው የዓሣውን መኖሪያ ይሁን ሰዓቱን አይለይልህም።

እዚያ ቢሮ ስትሄድ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገው፣ በአማካሪህ ፊርማ ይግባ። ግልባጩን አስቀር። «የየጉተታው መነሻና መድረሻ ነጥብ፣ ሰዓት፣ የመረብ ዓይነት» ብለህ አንድ በአንድ ዘርዝር። «ዳታውን ስጡኝ» ብቻ ካልካቸው ያንኑ ሳጥን ነው የሚሰጡህ።