ሦስት ዓመት «ብርድ ነው» ሲባል የነበረው በሽታ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ባለቤትሽ ከሁለት ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶበታል። አሁን በልቶ ሲነሳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሞቹ ዲያፍራሙ (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ተቀዶ ጨጓራው ወደ ደረቱ ወጥቷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ብለዋል። አንቺ ደግሞ «በመድኃኒት አይድንም ወይ? ትንሽ ብንቆይስ?» ብለሻል። በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

እኔ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ግራ ጎኔ ላይ ሦስት የጎድን አጥንት ተሰበረ። ያኔ ራጅ ስነሳ ከአጥንቱ ሌላ ምንም አልታየም። ሐኪሞቹን አልወቅስም። ሆድ ዕቃው ገና ወደ ላይ ካልወጣ ራጁ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ ሦስት ዓመት ተንከራተትኩ። ትንሽ ስበላ ደረቴ ውጥር ይላል። ጎንበስ ብዬ ጫማ ሳስር ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ግራ ትከሻዬንም ይወጋኛል። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ፣ ሌላው ብርድ። እናቴ ፌጦ በሎሚ እየበጠበጠች አጠጣችኝ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ደረቴ ላይ ጋደም ብላ ሳለ ቀና አለችና «እዚህ ውስጥ ሆድ ይጮኻል» አለችኝ። ሳቅን፣ ተኛን። ከወራት በኋላ አንድ ሐኪም ማዳመጫውን እዚያው ቦታ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ «አደጋ ደርሶብህ ያውቃል?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ሲቲ ስካን ሲያሳየኝ ጨጓራዬና የአንጀቴ ክፋይ ከልቤ ጎን ተቀምጠዋል።

መድኃኒት ያልሽው አይሆንም። ዲያፍራም በተነፈስን ቁጥር የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ነው። ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ከሆድ ስለሚያንስ ሆድ ዕቃው ወደ ላይ ይሳባል። ቀዳዳው በራሱ አይገጥምም። ክኒን ቃር ያስታግስ ይሆናል፣ ቀዳዳ ግን አይደፍንም። በግራ የሚበዛውም ቀኙን ጉበት ስለሚከልለው ነው።

«ቀዳዳው ትንሽ ነው» ብለውሽ ከሆነ በእሱ አትጽናኚ። እኔም ይህን ስል ቀዶ ሐኪሜ የአምብሯዝ ፓሬን ታሪክ ነገረኝ። ይህ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በ1579 እ.ኤ.አ. የጻፈው በጥይት ስለተመታ አንድ መኮንን ነው። ሰውየው ቁስሉ ድኖለት ከስምንት ወር በኋላ ሞተ። አንጀቱ የትንሽ ጣት ጫፍ ብቻ በምታስገባ ቀዳዳ ገብቶ ታንቆ ነበር። ጠባቧ ቀዳዳ ናት የምታንቀው።

ስለዚህ ቀጠሮው እስኪደርስ ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከያዘው፣ ካስመለሰው፣ ፈስና ሰገራ እምቢ ካለው ወይም ትንፋሹ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፦ «ጨጓራው ደረቱ ውስጥ ነው።» ይህን አደራ እልሻለሁ። በራጅ ላይ ውኃ ወይም አየር የቋጠረ መስሎ ደረቱ ላይ ቱቦ ቢያስገቡ ጨጓራውን ሊወጉት ይችላሉ።

ኦፕራሲዮኑን አልዋሽሽም፣ ያማል። እኔን በግራ ደረቴ በኩል ከፍተው ሆድ ዕቃዬን ወደ ቦታው መልሰው ቀዳዳውን ሰፉት። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የሚደፍነው ሰው ሠራሽ መረብ ይደረግበታል። ከዚያ ደረቴ ላይ ቱቦ ነበረኝ። ነርሶቹ ሳንባዬ እንዲከፈት ጓንት እያስነፉኝ፣ ሳስል ትራስ ደረቴ ላይ አስታቅፈውኝ ከረምኩ። ሲያሰናብቱኝ ለወራት ከባድ ነገር አታንሳ አሉኝ።

በደረት ነው በሆድ የሚከፍቱት? መረብስ ያስፈልገዋል? እነዚህን ጠይቂ። የአደጋው ጊዜ ራጅ ካልተጣለ ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።