ቀብድ ከፍዬ ደሴ ስደርስ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ አዲስ አበባ ነው። ጥር ላይ ለእህቴ ሰርግ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ደሴ ሄድን። ፒያሳ አካባቢ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በቴሌግራም አግኝቼ ለአምስት ሌሊት በ15,000 ብር ተስማማን። 6,000 ብር ቀብድ በባንክ ላክሁ። ማታ ከመናኸሪያ ወርደን ብንደውል አከራዩ አያነሳም። ቆይቶ «ይቅርታ፣ ለሰርገኞች ሰጥቼዋለሁ፤ ብርሽን እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ሁለት ሌሊት በውድ ዋጋ ሆቴል አድረን ሌላ ቤት አገኘን። አዲሷ አከራይ ደግሞ «እስክትወጡ» ብላ መታወቂያዬን ያዘችው። 6,000 ብሬን ተቀብዬ ዝም ልበል? መታወቂያዬን መያዝስ ትችላለች?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። በደሴ የጥር ብርድ ልጆች ይዞ ማታ ደጅ መቅረት ከብሩ በላይ ያማል። ዝም አይበሉ። መጠየቅ የሚችሉትም ከ6,000 ብር በላይ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መቀበል ውል መኖሩን ያስረዳል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እርስዎ መንገድ ላይ ሐሳብዎን ቀይረው ቢሆን 6,000ው ይቀርብዎት ነበር። ያፈረሰው አከራዩ ስለሆነ ግን የሚመልሰው 12,000 ብር ነው። በሰርግ ሰሞን የተሻለ ዋጋ ሲመጣ የቀደመውን እንግዳ መግፋት ተለምዷል። አከራዮችም ብሩን ስለመለሱ ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም።

የሚጠብቅዎት ክርክር አንድ ነው። አከራዩ «የተቀበልኩት ቀብድ አይደለም፣ ከኪራዩ ላይ ቅድሚያ ክፍያ ነው» ይላል። ፍርድ ቤት ይህን ከተቀበለ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የቴሌግራም ንግግራችሁን ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። «ቀብድ ላኪ» ያለው እሱ ነው? ወይም እርስዎ «ቀብዱን ልኬያለሁ» ብለው እሱ «ደርሶኛል» ብሏል? እነዚያ ሁለት መስመሮች ለእርስዎ ትልቅ ማስረጃ ናቸው። በባንክ ማስተላለፊያው ላይ ምክንያቱን «ቀብድ» ብለው ጽፈው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። አሁኑኑ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ስልክ ይጠፋል፣ መልእክትም ይሰረዛል።

ክሱ ላይ በአማራጭ ይጠይቁ። መጀመሪያ የቀብዱን እጥፍ። ፍርድ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ነው ካለ ደግሞ 6,000ው እንዲመለስና ኪሳራዎ እንዲከፈል። ኪሳራው ሆቴሉ ከአፓርታማው ዋጋ በላይ ያስወጣዎት ልዩነት ነው። የሆቴሉን ደረሰኝ አይጣሉ። ደረሰኝ ከሌለ በቴሌብር የከፈሉበት መልእክት ይረዳል።

«የተፈረመ ውል የለኝም» ብለው አይስጉ። ለጥቂት ሌሊት ማረፊያ የተፈረመ ወረቀት ግዴታ አይደለም። ግራ ስለሚያጋባ ልጨምር፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ሰዎች የወጣ ነው። የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ከመክሰስዎ በፊት አጭር የጽሑፍ ጥያቄ ይላኩለት። አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ስለነገረዎት ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታዎ አይደለም (ቁጥር 1775)። ቢሆንም ብዙ ሰው ቁጥር 1885 ሲጠቀስበት ይለሳለሳል። የሰርጉ ሽማግሌዎች መሃል ገብተው ቢያስማሟችሁም ጥሩ ነው፤ ለ6,000 ብር ልዩነት ከአዲስ አበባ መመላለስ ይከብዳል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። 6,000ውን ከመለሰ ይቀበሉ፣ «ሂሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ግን አይፈርሙ። «ከሚገባኝ ላይ በከፊል ተቀብያለሁ» ብለው ይጻፉለት።

ካልተስማማችሁ ውሉ የሚፈጸመው ደሴ ስለነበር እዚያው ደሴ መክሰስ ይችላሉ። በዚህ ወር ካልከሰስኩ ያልፍብኛል ብለው አይጨነቁ። ለውል ጉዳይ አጠቃላዩ የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው (ቁጥር 1845)። ብሩ የገባው በደላላ አካውንት ከሆነ ሁለቱንም ይክሰሱ፣ አለዚያ አንዱ በሌላው ያሳብባል። ሰውዬው የቤቱ ባለቤት እንኳ ሳይሆን ብር ሰብስቦ ከሆነ ግን ነገሩ ማታለል ነው፤ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ያስጠይቃል፣ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

መታወቂያውን በተመለከተ፣ እንግዳ ተቀባይ ማንነትዎን ማየትና መመዝገብ ያስፈልገዋል፤ ይህ ለጸጥታም የሚጠቅም አሠራር ነው። ኮፒ ይስጧት ወይም ፎቶ ታንሳ። ዋናውን ግን እንደ መያዣ አይተዉ። ባንክ ቢሄዱ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ኬላ ላይ ቢጠየቁ ምን ያሳያሉ? ለዕቃዋ ከሰጋች መጠነኛ የመያዣ ገንዘብ ተቀብላ ደረሰኝ ትስጥዎት። እርስዎም ዕቃዎን ሳያወርዱ ክፍሎቹን፣ ምድጃውንና ቴሌቪዥኑን በቪዲዮ ቀርጸው ይላኩላት፤ ስትወጡ «ይህን ሰበራችሁ» ብትል የምትገቡበት ቀን ቪዲዮ በእጅዎ አለ።