ከስቶክሆልም ቱርኩና ሄልሲንኪ በመርከብና በብስክሌት፦ ለጠየቀው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከባለቤትህ ጋር ከስቶክሆልም በመርከብ ፊንላንድ ውስጥ ወዳለችው ቱርኩ፣ ከቱርኩ በብስክሌት ሄልሲንኪ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ቤት፣ ወደ ስቶክሆልም፣ ልትመለሱ አስባችኋል። በትንሽ ገንዘብ ይቻላል ወይ ነው ያልከው። በደንብ ይቻላል። እኔና ባለቤቴ ይህንኑ መንገድ ሄደነዋል። ካርታ ላይ የምታገኘውን ትቼ ኪስ የሚያራቁተውን ልንገርህ።

1. ብስክሌቶቹ ቲኬቱ ላይ መጻፋቸውን አረጋግጥ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። እነዚህ መርከቦች ላይ ብስክሌት እንደ ሻንጣ አይታይም፣ እንደ ተሽከርካሪ ነው። ቲኬት ስትቆርጥ አብሮ ይያዛል፣ የሚገባውም ከመኪኖቹ ጋር ነው። የመኪና መግቢያው ደግሞ መርከቡ ከመነሳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይዘጋል።

እኛ የቆረጥነው በስልክ ነበር። ሁለት ሰው፣ ሁለት ብስክሌት ብዬ በግልጽ ተናገርኩ፤ «እሺ፣ ተይዟል» ተባልኩ። ጠዋት በጊዜ ወደቡ ደረስን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ብስክሌት የሚባል ነገር አላይም አለች። የደወልኩበትን ቀንና ሰዓት ከስልኬ አውጥቼ ባሳያት ቀና ብላ እንኳን አላየችም። ከኋላችን የቆመውን ሰውዬ «ቀጥል» ብላ አሳለፈችው። ኃላፊ ጥሪልን ብንላት ኃላፊ የለም። እንዲህ ስንጨቃጨቅ በሩ ተዘጋ፣ መርከቡም ሄደ። ለማታው መርከብ እንደገና ከፈልን፣ ያውም ከነካቢኑ፣ ከነመኝታ ክፍሉ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ከሳምንት በላይ እንበላበት ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባለቤቴ «ተይው፣ አንዴ ሆኗል» ሲል እኔ አልተውኩትም። የስልኩን መዝገብ፣ የሁለቱንም ቲኬት ደረሰኝ አያይዤ አቤቱታ ጻፍኩ። ዝም አሉኝ፣ ደግሜ ጻፍኩ። በመጨረሻ ገንዘባችን ሳንቲም ሳይጎድል ተመለሰ። ስለዚህ የሚልኩልህ ማረጋገጫ ላይ ሁለት ብስክሌት የሚል መስመር ከሌለ ያኔውኑ መልሰህ ጻፍላቸው። የአፍ ቃል ወደቡ ላይ አያስገባም።

2. ስትሄዱ የቀኑን መርከብ ያዙ። ጠዋት ተነስቶ ማታ ቱርኩ ይገባል፣ ካቢን አያስፈልግም፣ በዚያ ላይ ደሴቶቹን በብርሃን ታያላችሁ። መርከቡ ውስጥ ከመኪኖቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ ገመድ አለ፤ ብስክሌቱን በእሱ አጥብቃችሁ እሰሩ። ወለሉ እርጥብ ብረት ስለሆነ ያንሸራትታል፣ ስትገፉ ቀስ በሉ። ጉዞው ከተጀመረ ያ ክፍል ይቆለፋልና ምግብ፣ ሹራብና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ፓስፖርቱንም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱንም ያዙ። ካርዱ ብቻውን የጉዞ ሰነድ አይደለም።

ላይ ያለውን ቡፌ አትዩት። እኛ በሶና ቆሎ ይዘን ነበር፣ ለማታ ደግሞ ድርቆሽ። ድርቆሽ ለብስክሌት ጉዞ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ ውኃ በየቤንዚን ማደያው ከቧንቧ ታገኛለህ። ሩይሳሎ የሚባል ደሴት ላይ ከቱርኩ መሀል አስር ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ካምፒንግ አለ፣ ድንኳናችንን የተከልነው እዚያ ነው። በትንሿ ምድጃችን ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ አቁላልቼ ፍርፍር ሠራሁ። ከጎናችን የነበሩ ፊንላንዳውያን አዛውንቶች ሽታው ስቧቸው መጡ፣ ቀመሱ፣ ደገሙም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቱርኩ ከተማ ውስጥ ወንዙን የምታሻግር ፎሪ የምትባል ትንሽ ጀልባ አለች። ከ1904 ጀምሮ ትሠራለች፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም ነፃ ናት። ተሻግራችሁ ተመለሱባት።

ከቱርኩ ሄልሲንኪ በአሮጌው መንገድ፣ በ110 ቁጥር፣ ሂዱ። ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሳሎና በሎህያ ከተሞች በኩል ያልፋል። ትልቁ አውራ ጎዳና ለብስክሌት ክልክል ስለሆነ መኪናው አብዛኛው እዚያ ነው፣ አሮጌው ጸጥ ይላል። ዳገት ግን አለው፤ ፊንላንድ ሜዳ ነው ያለህን ሰው አትመን። ድንኳን ከሰው ቤትና ከእርሻ ራቅ አድርገህ ለአንድ ሌሊት ብትተክል ሕጉ ይፈቅዳል፣ ስዊድንም እንደዚያው ነው። እሳት ግን ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ አታንድዱ። ባለቤትህ ከደከመች ባቡሩ ብስክሌት ይጭናል፣ ቦታ አስቀድሞ መያዝና መክፈል ብቻ ነው። ስዊድን ውስጥ ረጅም ርቀት የሚሄዱት ባቡሮች አብዛኞቹ ያልታጠፈ ብስክሌት ስለማይጭኑ ሌላ ጊዜ በባቡር ወደ ኮፐንሃገን ልትሄዱ ብታስቡ ይህን አስታውስ።

ሄልሲንኪ ለሽርሽር ጀልባ አትክፈሉ። ገበያው ፊት ለፊት ካለው ወደብ ወደ ሱኦሜንሊና ምሽግ የሚሄደው ጀልባ በተራ የከተማ ትራንስፖርት ቲኬት ይሄዳል፣ ሩብ ሰዓት ነው። ሰዓታችሁን ግን አስተካክሉ፤ ፊንላንድ ከስዊድን አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ የመርከቡ መነሻም የሚጻፈው በየወደቡ ሰዓት ነው። በበጋ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆነ እናቴ ጋ ስደውል መቀነስ መደመር ቀረልኝ።

ጁላይ ያልከውን ግን ተወው። በጁላይ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ላይ ነው፣ ካቢን ይወደዳል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ፈልግ። ስትመለሱ የሌሊት መርከብ ስለሆነ ካቢን ውሰዱ፤ ከመኪናው ወለል በታች ያለው ይረክሳል፣ መስኮት ባይኖረውም እንቅልፍ ይወስዳል።

ውኃ የማያስገቡት የብስክሌት ቦርሳዎቻችን ቤት ተቀምጠዋል፣ አትግዙ። ቀን ስትቆርጡ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና መጥታችሁ ውሰዱ።