የማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እህታችሁ ነኝ ከሀዋሳ፣ ነርስ ነኝ፣ በቅርቡ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመድሃኒት ሙከራ ጥናት ላይ ገባሁ። ኮኦርዲኔተሯ አንድ ነገር ትለኛለች ዋናው ተመራማሪ ሌላ፣ ዳታ ክፍሉ ደግሞ የሞላሁትን ፎርም አርሚ ብሎ ይመልስብኛል፣ ጨነቀኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ለሙከራው ተጠያቂው ዋናው ተመራማሪ ናቸው፣ ኮኦርዲኔተሯ ቀጠሮውንና ፋይሉን ታስኬዳለች፣ ስለዚህ የእለት ስራ ላይ እሷን ስሚ ህክምና ነክ ከሆነ ግን ወደሳቸው። የስራ ውክልና መዝገብ የሚባል አለ፣ ማን ምን እንዲሰራ እንደተፈቀደለት ተፈርሞ የሚቀመጥበት፣ ዛሬውኑ ስምሽን ፈልጊበት፣ ያልተወከልሽበትን ስራ አትንኪ። ፎርም ሲመለስልሽ ደግሞ በፍሉድ እንዳታጠፊ፣ በአንድ መስመር ሰርዘሽ የድሮው እየተነበበ ትክክለኛውን ከጎኑ ፃፊ፣ ፈርመሽ ቀን አድርጊበት። ሙከራው ውስጥ ያለ ታማሚ ድንገት ሆስፒታል ከተኛ ግን ፎርም መሙላቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ለተመራማሪው ደውዪ።